ሦስት ዓሣ ይዘህ የገባህ ቀን

ከሚሪያም ደሴት፣ ባሃማስ
ማክሰኞ ጠዋት

ለውድ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጅህን ያንኳኳ። እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? የገና ዕለት በላክልኝ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» ብለህ ጽፈሃል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሁለት ቃል ሌላ ስላልጻፍክልኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደህንነትህን ማመን አቅቶኛል። አናጢ ሰው ዕድሜው ሲገፋ የእንጨት ብናኝ ደረቱን ይይዘዋል ይባላል፤ እባክህ አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍነህ ሥራ። አሁን ደግሞ የትም አገር እህት ወንድሟን የማትጠይቀውን ልጠይቅህ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ዛሬም ከንፈርህን ያቃጥልሃል? ዓሣ መቅመስ ቻልክ? እናታችን እስከ ዕለተ ሞቷ አልቻለችም። ዙሪያዋን ባሕር ተከባ ኑሮዋ የበቆሎ ገንፎና የርግብ አተር በሩዝ ብቻ ነበር።

እኔ፣ ጌታ ይመስገን፣ አለሁ። ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታዘዙኝም እንጂ ዛሬም የጀልባ ማረፊያው ላይ ቁጭ ብዬ የዓሣ ቅርፊት እፍቃለሁ። ባለቤቴ ኦርትላንድ ጥር ላይ ማረፉን ሰምተሃል። ለቅሶ ልትደርሰኝ ባለመምጣትህ አልቀየምኩህም፤ የመቀየም መብት የለኝም። ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ይዞ «ለወንድምሽ የእኔ ነበር በይው» አለኝ። ምኑ የእሱ እንደነበረ አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ። እነሆ ዘጠኝ ወር ሆነው፣ መልእክቱን ሳላደርስ። በየሳምንቱ የፖስታ ጀልባዋ ስትመጣ «ለሚቀጥለው» እላለሁ። ስትመለስም «ለሚቀጥለው» እላለሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው ይህን ያህል ፈሪ ሊሆን ይችላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ብዕር ያስጨበጠኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር በዚያችው ጀልባ ሁለት እንግዶች መጡብን። አንዱ ነጭ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦት ያሳዝናል። ሁለተኛዋ የእኛው ልጅ ናት፣ የናሶ ልጅ፣ ሮክሳን ትባላለች። ሥራቸው በደሴቶቻችን ዙሪያ ያለውን የዓሣ ዓይነት ሁሉ ከነአገሩ ስሙ መመዝገብ ነው። ጎረቤታችን ዚልፋ ምርኩዟን ተደግፋ «ዓሣ ሊቆጥሩ? ታዲያ ዓሣው ተሰልፎ እየጠበቃቸው ነው?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችባቸው። ሰባ ስምንት ዓመት ሞላት፤ ምላሷ ግን ገና ሃያውን አልጨረሰም። ሰዎቹ «ዓሣ የሚያውቅ ማነው?» ሲሉ የደሴቱ ሰው ወደ እኔ ላካቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቢላዋዬ ሥር ያላለፈ ዓሣ ስለሌለ ነው መሰለኝ።

ሮክሳን የሥዕል መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጣቷን ታሳርፋለች፤ እኔ ስሙን እነግራታለሁ። ወታደሩ፣ አሥር አለቃው፣ መምህሩ። ጭራው ሥር ስለት የሚደብቀው ሐኪሙ። ሁለት ቀንድ ያላት ላሚቷ፣ አሳማ አፉ፣ በቀቀኑ። ከውሃ ሲያወጡት እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርመው አጉረምራሚው። ቆዳዋ የሻከረው አሮጊቷ፣ ሰማያዊ ዘውድ የደፋችው ንግሥቲቱ። ልጅቷ እየሳቀች «እትዬ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ እኮ መንግሥት አለ» አለችኝ። «አለ እንጂ፤ ግብር አይሰበስብም እንጂ» አልኳት። በሁለተኛው ቀን መቶ አሥራ አራት ደረስን። ፕሮፌሰሩ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ልኩራ ብዬ ነበር፤ ግን ኩራቱ የእኔ አልነበረም።

የአንተ ነበር። ልጆች ሳለን በአባታችን ትንሿ ጀልባ ስንወጣ፣ አንተ መስታወት የተገጠመለትን ባልዲ ውሃው ላይ ታስቀምጥና ራስህን ከተህ ወደ ታች ታያለህ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ በአንዱ መቅዘፊያ እቀዝፋለሁ። ያየኸውን ሁሉ እየጮኽክ ትነግረኛለህ። «አሮጊቷ ከነልጆቿ!» ትላለህ፤ «ሐኪሙ ተቆጥቷል!» ትላለህ። ስሙን ስታጣለት ራስህ ታወጣለታለህ። እስቲ እኔም ልይ ስልህ «አንቺ ቅዘፊ፤ ጀልባዋን ካለቀቅሻት እኔ አይቼ እነግርሻለሁ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ዓሣን በሕይወት ሲዋኝ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የማውቀው ሞቶ ሲመጣልኝ ነው፤ ስሙን የማውቀው ደግሞ ከአንተ አፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ አንድ ገጽ ገለጠች፤ እዚያ ላይ ውሻ ጥርሱ ነበር። ታስታውሰዋለህ መቼም፦ ቀላ ብሎ ወፍራም፣ አፉ ቢዘጋም ሁለት ጥርሶቹ ወጣ የሚሉ፣ ከዓይኑ ሥር የደረቀ እንባ የመሰለ ነጭ ያለበት። «ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ትንሹ ይበላል። ትልቁ፣ በተለይ ከምሥራቁ የባሕር ገደል የተያዘው፣ አይነካም» አልኳት። «መርዝ ያለበትን ከሌለበት በምን ትለያላችሁ?» አለች። እኔም ሞኟ እንደ አዋቂ ነገርኳት፦ ዝንብ ካላረፈበት አይበላም፤ ድመት ካልቀመሰችው አይበላም፤ ከሁሉም በላይ ግን ድስቱ ውስጥ የብር ሳንቲም ይጨመራል፣ ሳንቲሙ ከጠቆረ ዓሣው ይደፋል። ልጅቷ ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ እኔን ላለማሳፈር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ብሩ እኮ ምንም አያውቅም» አለችኝ።

መርዙ ባሕሩ ውስጥ ባለው የኮራል ድንጋይ ላይ ከሚበቅል ለዓይን ከማይታይ ነገር ነው የሚመጣው አለች። ትንንሹ ዓሣ እሱን ይበላል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ መርዙም ትልቁ ውስጥ ይከማቻል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ዝንብም ድመትም አይለዩትም። ብርን የሚያጠቁረው ሽንኩርቱ ነው፣ እንቁላል ነው፤ መርዝ በሌለበት ሊጠቁር፣ መርዝ ባለበት ሊያበራ ይችላል። ይህን ስትነግረኝ ቢላዋው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ዚልፋ ከጎን ሆና «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኸው ነው፤ ሴትዮዋን ደም በደም አደረጋችኋት!» ብላ ጮኸችባቸው። እኔ ግን ጣቴ አልተሰማኝም።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ የሴት አያታችንን የብር ሽልንግ ከሣጥን አወጣኋት። ያቺ የድሮው ንጉሥ ራስ ያለባት፣ ዶላር ወደ ደሴቶቻችን ሳይመጣ በፊት የነበረችው ናት። በድስት ውሃ ጥጄ ሁለት ሽንኩርት ከትፌ ጨመርኩ፤ ዓሣ የሚባል አላስገባሁም። ሽልንጓን ጨምሬ ቁጭ አልኩ። ሳወጣት ጠቁራለች።

አሁን ልብህን አጽናልኝ፤ እኔም እጄን ላጽና።

የኦርትላንድ አባትና ሁለቱ አጎቶቹ የጋብቻ ጥያቄውን ደብዳቤ ይዘው ሊመጡ የነበረበትን ቅዳሜ አልረሳኸውም። ሰባት ቀን ሙሉ ነፋስ ነበር፣ ጀልባ የወጣለት አልነበረም። አንተ ግን ዓርብ ዕለት ነፋሱን ተጋፍተህ ሦስት ባለ መስመር የግሩፐር ዓሣ ይዘህ ገባህ። ራስህ ቆረጥካቸው፣ ሦስቱን ራሶች ለሽማግሎች ብለህ ለይተህ አስቀመጥክ። ከመካከላቸው ትልቅ የሚባል አልነበረም፤ ለዘጠኝ ሰው አይበቁም ነበር። አባታችን ደግሞ በኦርትላንድ እንዴት ይቀልድ እንደነበር ታውቃለህ። «ይህ ልጅ ባልዲ ውስጥ ያለ ዓሣ እንኳ ያመልጠዋል» ይል ነበር፤ ይህችው ቀልድ ኦርትላንድ ጆሮ ደርሳ አንገብግባዋለች።

ቅዳሜ ማለዳ እናታችን ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ኦርትላንድ በማድ ቤቱ ጓሮ መጣ። በጆንያ የተጠቀለለ፣ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ሰጠኝ። «የእኔ ሰዎች ማዕዱ ሳሳ እንዳይሉ፤ የማን እንደሆነ ግን አትናገሪ፣ ሙሽራ ራሱ ቀለብ አመጣ ይሉኛል» አለኝ። ጆንያውን ስገልጠው ጥርሶቹን አየሁ። «ከየት ነው?» አልኩት። «ከምዕራብ» አለኝ፣ እግሩን እያየ። ወንድሜ፣ እግሩን ሲያይ አይቻለሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ። ሥጋውን ከአንተ ዓሣ ጋር ቀላቀልኩት፤ አንድ ድስት ውስጥ ማን ይለየዋል? ራሱን ግን ጥርሶቹ እንዳይናገሩብኝ ባልዲ ውስጥ ከትቼ የባሕር ወይን ቅጠል አለበስኩትና ከጓሮው ግድግዳ ሥር ወሸቅኩት።

እናታችን እንደ ወትሮዋ ሽልንጓን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችኝ፣ ድስቱ ውስጥ ጨመርኳት። ሳወጣት እንደ ከሰል ጠቁራለች። እዚያው ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። የፈተግኩበት ጊዜ ረጅም ነበር፤ እጄን የሚይዘኝ ሰው በመጣ እያልኩ ነው የፈተግኩት፣ ማንም አልመጣም። ለእናታችን ስሰጣት «እንደ ኮከብ ታበራለች!» ብላ ሳመቻት።

ለምን? ትለኛለህ። ጠቆረች ብል ዓሣው ሊመረመር፣ የማን ነው ሊባል፣ ሰዎቹም ደብዳቤያቸውን ይዘው ሊመለሱ ነው። አባታችን ለሌላ ጊዜ ይሁን ይላል፤ ሌላው ጊዜ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ነው። እኔ እስከዚያ መቆየት አልችልም ነበር። የበኩር ልጄ የተወለደበትን ወር ታውቃለህ፣ ቁጥርም ትችላለህ።

ለጋብቻ የምትጠየቅ ልጅ እስክትጠራ ማድ ቤት ስለምትቆይ እኔ በድስት ዳቦ ዋልኩ። እናንተ በላችሁ። ደብዳቤው ተነበበ፣ አባታችን እሺ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ጠየቀና ከጉድጓዱ ቀድቼ ሰጠሁት፤ ከንፈሩ እንደነካ ኩባያውን ወረወረው። «የፈላ ውሃ ማነው የሰጠኝ?» አለ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። የኦርትላንድ አጎቶች ተራ በተራ እግራችን ከዳን አሉ፣ ኦርትላንድም ወደቀ፣ አንተም ግድግዳ ይዘህ ስትሄድ አይቼሃለሁ። ሌሎቻችሁ በሳምንትም በወርም አገገማችሁ። የአባታችን ልብ ግን ድሮም ደካማ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አለፈ።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ዓሣው የማን ነው አለ። ሦስት ዓሣ ይዘህ ስትገባ ያላየ የለም። ነፋሱ አዙሮህ በደሴቷ ምሥራቅ ጫፍ በኩል መግባትህንም ሁሉም አይቷል። «ከምዕራብ ነው የያዝኳቸው» አልክ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልከው። ዚልፋ ለቀስተኛው መካከል ቆማ «ከምሥራቅ ሲገባ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ! ደግሞ የሚደብቀው ነገር ባይኖረው ኖሮ!» አለች። የኋለኛውን ቃሏን የነገር ማጣፈጫ አድርጌ ቆጠርኩት። አንተ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረህ አየኸኝ፣ ብዙ ቆየህ። እኔ ድስቱን አየሁ። አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ሁሉንም እዘረግፍልህ ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ ብትጠይቀኝም እክድህ ነበር። በሳምንቱ የአባታችንን መጋዝ ይዘህ በፖስታ ጀልባዋ ሄድክ፤ ሊሸኝህ የወጣ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልወጣሁም።

እኔ ተዳርኩ። የበኩር ልጄን በስምህ ጠራሁት፤ ሰፈሩ «የገዳይ ስም» እያለ አማኝ። ኦርትላንድ ከዚያ ወዲህ ምሥራቁን ገደል አልረገጠም፤ ስለዚያ ቀንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩ። ሆድ ይፍጀው ብለን ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ክፉ ባል አልነበረም፤ ይህንንም እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

እናታችን ያረፈች ጊዜ በራስህ እጅ የሠራኸውን የሬሳ ሣጥን ይዘህ መጣህ። ጀልባዋ ተጠግታ ሳለ አንተ ከጀልባዋ ወለል ላይ ሆነህ ሣጥኑን በገመድ ለወንዶቹ አወረድክላቸው፤ እግርህ ግን ማረፊያውን አልነካም። ባርኔጣህን በእጅህ ይዘህ ጀልባዋ እስክትመለስ ቆምክ። የሣጥኑ ማዕዘኖች ላይ አንድ ምስማር አልነበረም፣ እንጨቱ እርስ በርሱ የተያያዘ ነበር። ልጠራህ አፌን ከፍቼ ነበር። ዚልፋ «አፈረ» አለች፤ እኔም እንዳፈርክ አድርጌ ተውኩት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የማስበው ሽልንጓ እውነት ነግራኝ እኔ አፏን እንደዘጋሁት ነበር። አሁን ግን ሽልንጓ ምንም አልነገረችኝም። ጠቆረችም አበራችም ያው ነበር። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ለቅጽበት የቀለለኝ መስሎኝ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ሳየው ግን ከቀድሞው ባሰ። ሳንቲሟ ከነገሩ ወጣች። የቀረነው የኦርትላንድ እግር፣ የእኔ ዝምታና ያለ ጥፋትህ የተሸከምከው አንተ ነን። ስለ ዓሣው አላውቅም ነበር ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል። ስለ አንተ ግን አውቅ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት መሆን ያለበትን አደረግኩ። ሐሜቱ በአደባባይ ስለነበር ንስሐውም በአደባባይ ይሁን ብዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጀልባዋ ስትመጣና ሰፈሩ ሁሉ ዕቃውን ሊቀበል ሲሰበሰብ፣ የዓሣ ማጠቢያው ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ጆንያውን፣ ውሻ ጥርሱን፣ አመዱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ልጄ፣ ስምህ ያለው፣ ከሰዉ መካከል ቆሞ ይሰማ ነበር። አባቱንም እናቱንም በአንድ ቀን አሳጣሁት መሰለኝ፤ እስካሁን አላናገረኝም። ፓስተሩ መሬት መሬት አየ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

መጀመሪያ የተናገረችው፣ ማን ትሆናለች፣ ዚልፋ ናት። ምርኩዟን እያወዛወዘች «አንቺ ሴትዮ! ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ምላሴን ለሐሰት አከራየሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥሎ ዛጎል ክምሩ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኔ ግን አልዋሸሁም እኮ፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች። ከዚያ ምን እንዳየች ነገረችን፣ ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ።

«ሰዎቹ መታመም የጀመሩ ዕለት፣ ገና ሳይመሽ፣ ያ ልጅ፣ ወንድሟ፣ ከማድ ቤታቸው ጓሮ ባልዲ ይዞ ወጣ። መሄድ አቅቶታል፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሳ። ሲወድቅ ቅጠሉ ተበተነና ያንን የውሻ ጥርስ ራስ አየሁት፤ የሕፃን ራስ ያህላል። ድንጋዩ ጫፍ ደርሶ ባሕር ወረወረው። ባልዲውን ሦስቴ አጠበና ግድግዳው ላይ ደፋው። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ንጹሕ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ብዬ ነው የፈረድኩበት፤ እናንተስ ብትሆኑ?»

እኔ ከጠረጴዛው ወርጄ ወደ ቤት ሄድኩ።

ያኔ ሰዎቹ የታመሙ ዕለት ማታ እኔም ባልዲውን ልደፋ ጓሮ ወጥቼ ነበር። ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘሁት። ራሱን ሸርጣኖች ወስደውት ይሆናል፣ ባልዲውን እናቴ አጥባው ይሆናል ብዬ እፎይ አልኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በዚያ እፎይታ ኖርኩ። ሸርጣን ባልዲ እንደማያጥብ ለማሰብ አልደፈርኩም። እናታችን ያን ማታ ከአልጋ መነሳት እንደማትችልም ለማሰብ አልደፈርኩም። የአንተ የሦስቱ ዓሣዎች ራስ ማዕዱ ላይ፣ በሽማግሎቹ ፊት ነበር፤ ራስህ ቆርጠህ ያስቀመጥካቸው ናቸው። አራተኛውን ራስ ባልዲው ውስጥ ስታይ ከእኔ እጅ እንደወጣ አውቀሃል፤ አውቀህም ጣልክልኝ።

ሮክሳንና ፕሮፌሰሩ ሰኞ ሄዱ። ዝርዝሩ መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ። ባለ መስመሩ ግሩፐር እንደ ድሮው በብርዱ ወራት ጨረቃ በሺህ እየሆነ እንደማይመጣም ስነግራት ሮክሳን ጻፈችልኝ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ «ስሞቹን የሰጠው ማነው ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስምህን ከነአባትህ ስም አስጻፍኳት፣ ትክክል መጻፏንም አየሁ።

ሽልንጓን በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጥቁር ናት፤ አልፈተግኳትም።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይህን በወረቀት መጠየቅ ለእኔ ይቀለኛል፣ ለአንተ ግን ይከብድሃል። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ጀልባዋ ከናሶ የምትነሳበትን ቀን ታውቃለህ። ና፤ ስትደርስም ከጀልባዋ ወለል ላይ አትቁም፣ ውረድ። ማረፊያው ላይ ሰው ሁሉ ይኖራል፣ ዚልፋም ትኖራለች፣ እኔም ከፊት እቆማለሁ። ዓሣ አላቀርብልህም፤ ገንፎና አተር በሩዝ አለ። ምንም እንድትናገር አልፈልግም፤ ስለዚያ ራስም አልጠይቅህም። ከልጅነታችን ጀምሮ ባልዲው ውስጥ የምታየው አንተ ነበርክ፤ እኔ መቅዘፍ ብቻ ነበር ሥራዬ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ የልጆችህን ልጆች ያሳይህ። ነፋሱን ከኋላህ ያድርግልህ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ለአፍህ ቀዝቃዛ ይሁንልህ።

ታላቅ እህትህ